የቆመ አሮጌ ሞተርሳይክል ለማስነሳት የትኛው መንገድ ይሻላል?

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከየጓዳው ብዙ ዕቃ ወጣ። የሸክላ ማጫወቻ፣ የእግር ስፌት መኪና፣ እግሩ የተሰበረ ሶፋ። ከአንድ ግቢ ደግሞ አንዲት ያማሃ ዲቲ 125 ወጣች። ከማገዶ ቤቱ ቆርቆሮ ስር፣ ከከሰል ጆንያ ጀርባ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ቆማለች። ባለቤቷ አዛውንት ናቸው። "ልጄ፣ ስትቆም ደህና ነበረች" አሉኝ። ሊብሬዋን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሃል አውጥተው አሳዩኝ።

ጋሼ እውነታቸውን ነበር። ስትቆም ደህና ነበረች። የጎዳት መሮጥ ሳይሆን መቆም ነው። ይህን ልዩነት የተረዳሁት ገንዘብም ጊዜም ካባከንኩ በኋላ ነው። ብዙ በመሮጥ ያለቀ ሞተር ብረቱ ይበላል፤ ፋሻው (የፒስቶኒው ቀለበት)፣ ቢዬላው (የፒስቶኒው ክንድ)፣ ኩሽኔታው (ዘንግ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት)። የቆመ ሞተር ግን በአብዛኛው የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ቤንዚን ተኝቶ የከረመበት ቦታ፣ ላስቲክ የሆነ ነገር ሁሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚነካካበት ነጥብ። ስለዚህ ጥገናውም ሌላ ዓይነት ነው።

አሁን ምርጫ በመጣ ቁጥር ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ይህን አድርጌ ባይሆን፣ ወደነበረበት መመለስ እችላለሁ? የሚመለሰውን አስቀድማለሁ። የማይመለሰውን መጨረሻ ላይ አቆየዋለሁ። ከዚህ በታች ያወዳደርኩትን ሁሉ የመዘንኩት በዚህ ነው።

የምትነሳዋ ወይስ ሙሉዋ?

ሁለት ሞተርሳይክል ቀረቡላችሁ እንበል። አንዷ በአንድ ርግጫ ትነሳለች። ግን ካርቡሬተሯ የሌላ ነው፣ ሽቦዋ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ማርሚታዋ ሦስት ቦታ ተበይዷል፣ የጎን ሽፋን የላትም። ሌላዋ አትነሳም። ግን ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ሁሉ እላይዋ ላይ አለ።

እኔ ሁለተኛዋን እወስዳለሁ። ዝገት ይለቃል፣ የደረቀ ቤንዚን ይታጠባል። የጠፋ ዕቃ ግን መፈለግ ነው ያለው። የአንድ ጓደኛዬን የፍሬቻ መያዣ ፍለጋ መርካቶን ሦስት ቅዳሜ ዞረናል፤ አላገኘንም። ደግሞ የተለጣጠፈችውን ስትገዙ የሌላ ሰው ጥገና ነው የምትገዙት። አንድ ነገር ሲበላሽ ችግሩ ከሞተሯ ይሁን ከጠጋኙ አታውቁም።

በሊብሬ ላይ ግን ምርጫ የለም። የሻንሲ ቁጥሩ መሪው የሚዞርበት አንገት ላይ ተመትቷል። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ታች ካርተሩ (የሞተሩ የብረት ቤት) ላይ ነው። ሁለቱንም በላምባ በራሰ ጨርቅ ጥረጉና ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። በስልካችሁም ፎቶ አንሱ። ሊብሬ ከሌላት ለዕቃዋ ብቻ ነው የምትገዛው፤ ዋጋውም የዕቃ ዋጋ መሆን አለበት። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞተርሳይክል እንቅስቃሴን ገድባ በፈቃድ አድርጋዋለች። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ፣ ለግል ሞተር ዛሬ ምን እንደሚጠየቅ ከመስኮቱ ጠይቁ። የሻጭ ወሬ አይበቃም።

ዲቲ፣ ሲጂ ወይስ ቬስፓ?

በየግቢው ቆሞ የሚገኘው ብዙ ዓይነት ነው። እኔ በእጄ የነካኋቸውን ሦስቱን ላወዳድር።

ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ቱ ስትሮክ (ሁለት ምት) ናቸው። ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሩ ክዳን፣ ላይ ቫልቮላ የላቸውም፣ ካም የላቸውም። ጥቂት ዳዶ ሲፈታ ቴስታታው ይነሳል። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ ሞተር አላውቅም። ድክመታቸው ኮላዶካው (ፒስቶኒው የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ግራና ቀኝ ያሉት ኦይል ሲሎች፣ ማለትም የማሸጊያ ላስቲኮች፣ ናቸው። ለዓመታት ሲቆሙ ላስቲኩ ይደርቃል። ሲደርቅ አየር ይስባል። አየር ሲበዛ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ በመጨረሻ ፒስቶኒው ይነክሳል፣ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ሁለተኛው ነገር የዘይት ፓምፑ ነው። ያማሃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦቶሉብ ብሎ የሰየመው ፓምፕ ዘይቱን ለብቻው ያጠጣል። ጥሩ ፈጠራ ነው። አስር ዓመት የቆመ ፓምፕ ግን አይታመንም። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ዘይቱን ቤንዚኑ ውስጥ ራሳችሁ ቀላቅሉ፤ ለአንድ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። ትንሽ ይጨሳል፣ ይጨስ።

ሆንዳ ሲጂ 125 በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ አራት ምት ነው። ጥገና በማይበዛበት አገር እንዲችል ተብሎ ነው የተሰራው። ካሙ ታች ሆኖ ቫልቮላውን በዘንግ ይገፋል፤ ላይ የሚዘረጋ ሰንሰለት የለውም። ቻይናዎች ይህን ሞተር በብዛት ቀድተውታል። ለእኛ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው። ጓርኒሲዮኑ (በሁለት ብረት መሃል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ፋሻው፣ ካርቡሬተሩ፣ የፍሪሲዮን ሸራው ከቅጂዎቹ ይገኛል።

ቬስፓ ሌላ ዓለም ነው። ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላሜራው ራሱ ሻንሲው ነው። እግር የሚያርፍበት ወለል ከበሰበሰ ሻንሲው በሰበሰ ማለት ነው። ቀለም ከስሩ ያለውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ተንበርክካችሁ ከስር በካቻቪቴ እጀታ አንኳኩ። ጥሩ ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰው እንደ ካርቶን ድፍን ይላል። የሕንዱ ባጃጅ ስኩተር መስራት የጀመረው ከቬስፓ ፈቃድ ወስዶ ስለሆነ፣ ከድሮ የባጃጅ ስኩተር ዕቃ የሚገጥም ይኖራል። አሮጌውን በእጃችሁ ይዛችሁ ካላመሳሰላችሁ ግን አትክፈሉ።

ፍርዴ ይኸው። የመጀመሪያችሁ ከሆነና ልትሄዱባት ከፈለጋችሁ ሲጂ። መማር ከፈለጋችሁ ዲቲ። ቬስፓን የሚወድ ሰው ምክር አይሰማም፤ እሱ ወለሉን ብቻ ይይ።

ሜካኒክ ቤት ወይስ በራሴ?

ሁለቱንም ቀላቅሉ። ማጠብ፣ መፍታት፣ ማጽዳት፣ ፎቶ ማንሳት የእናንተ ይሁን። ይህ ሰዓት የሚበላ ስራ ነው፤ ሜካኒኩ ላይ ሌላ ደንበኛ ይጠብቀዋል። ቶርኖ፣ ብየዳ፣ ኩሽኔታ ማስወጣት፣ ሲሊንደር ማስቦረሽ የባለሙያ ይሁን። ሙሉ ሞተርሳይክሏን ጥላችሁ አትምጡ። የተበላሸውን ዕቃ ብቻ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ያኔ የምትከፍሉት ለዚያች ዕቃ ብቻ ነው፣ የቀረውም ቤታችሁ ይቀራል።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የጃፓን ሞተሮች ላይ ያሉት የመስቀል ብሎኖች ከተለመደው የመስቀል ካቻቪቴ ጋር በደንብ አይገጥሙም። ካቻቪቴው ጥርሱን ይስትና ብሎኑን ይልጠዋል። በመዶሻ የሚመታ ካቻቪቴ ተዋሱ። አንዴ መታ ስታደርጉት ራሱ ይዞራል፤ የአርባ ዓመት ብሎን እንኳ ይለቃል።

ሞተሩን ማውረድ ወይስ መለካት?

እዚህ ላይ ነው የተጎዳሁት። ዲቲዋን መጀመሪያ የወሰድኳት አንድ ጋራዥ ነበር። ሰውየው ሁለቴ ረገጣት፣ አልተነሳችም። "ይሄ ይወርዳል" አለ። እኔም እሺ አልኩ። ወረደ። ሲሊንደሩን ሳየው ከፋብሪካ የወጣበት ጭረት ገና አለ። ፒስቶኒው ደህና፣ ፋሻው ደህና። ተመልሶ ተገጠመ፤ አሁንም አትነሳም። ከዚያ በፊት የማታፈስ ሞተር ከዚያ በኋላ ዘይት ማፍሰስ ጀመረች። አራት ብሎን ተልጧል። ችግሩ ኋላ ላይ የተገኘው ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው፤ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ አንዲት ቀዳዳ ተደፍናለች።

ሞተር ማውረድ የማይመለስ ነገር ነው። ጓርኒሲዮኑ ተቀደደ፣ የተስማማው ብረት ተለያየ። ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ።

ካንዴላውን አውጡ። በቀዳዳው ሁለት የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና አንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት መርገጫውን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ከዞረ ደስ ይበላችሁ። ካልዞረ አትዝለሉበት፤ የመርገጫው ጥርስ ከሞተሩ በፊት ይሰበራል። ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ ጨምሩ። ሦስት ቀን፣ ካስፈለገም ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ መጨረሻ ማርሽ ውስጥ ከትታችሁ የኋላ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙት። አንዲት ሚሊ ሜትር ከተነቃነቀ ቀሪው የትዕግስት ጉዳይ ነው።

ሲዞር የኮምፕሬሽን መለኪያ ተከራዩ ወይም ተዋሱ። ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ከፍታችሁ መርፌው ከፍ ማለት እስኪያቆም ርገጡ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው በጣም የሚጠቅም ነገር አለ። የሞተሩ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው ለባህር ጠለል ነው። እኛ ያለነው 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሲሊንደሩ የሚያምቀውም በዚያው ልክ ያንሳል። መጽሐፉ 12 ካለ፣ ፒያሳ ላይ 9 ማየት ጤነኛ ሞተር ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና ሞተር ወርዷል!

ቁጥሩ ከዚያም በጣም ካነሰ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። አራት ምት ሞተር ላይ ቁጥሩ ወዲያው ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካልተንቀሳቀሰ ቫልቮላው ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። ያኔ ለማውረድ ምክንያት አላችሁ። ምን እንደምትፈልጉም ታውቃላችሁ።

ሰልባትዮው፦ አቼቶ፣ ሲትሪክ አሲድ ወይስ የባትሪ አሲድ?

ክዳኑን ከፍቼ በስልክ መብራት ሳየው የዲቲዋ ሰልባትዮ (የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ) ውስጡ እንደ ሸክላ ቀይ ነበር። ሽታው የቤንዚን አይደለም፤ የቆየ ቫርኒሽ ነው። ታች፣ ውሃ የተኛበት ቦታ ላይ፣ ዝገቱ ቀጥ ያለ መስመር ሰርቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ቤንዚን ውስጥ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል ይቀላቀል ነበር። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል። ሲጠግብ ውሃው ይለይና ታች ይተኛል። በዚያ ዘመን ቤንዚን ይዛ የቆመች ሞተር ካላችሁ ያን መስመር ታገኙታላችሁ።

ጋራዥ አካባቢ የሚሰጣችሁ ምክር የባትሪ አሲድ ነው። ፈጣን ነው፤ በግማሽ ሰዓት ብረቱ ይነጣል። ግን ዝገቱን በልቶ አያቆምም፤ ላሜራውንም ይበላል። ቀለሙ ላይ ከፈሰሰ ቀለሙ ሄደ። ዓይንና ሳንባ ላይ ያለውን አደጋ አልናገርም። የማይመለስ ምርጫ ስለሆነ እኔ አልነካውም።

አቼቶ ከየሱቁ ይገኛል። ርካሽ ነው፣ ለስላሳ ነው። ለቀላል ዝገት አንድ ሁለት ቀን ሞልቶ መተው ይበቃል። ለከባዱ ግን ይደክማል፤ ለሙሉ ሰልባትዮ የሚበቃ ጠርሙስ ስትገዙም ርካሽነቱ ይቀራል።

እኔ የመረጥኩት የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ነው። ለምግብ የሚሆነው ራሱ። ለአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ 50 ግራም ገደማ። መጀመሪያ የነዳጅ መክፈቻውን ፈትቼ ቀዳዳውን በላስቲክና በብሎን ደፈንኩት። ውስጡን በፈሳሽ ሳሙና በሙቅ ውሃ አጠብኩ፤ ቅባት ካለ አሲዱ ዝገቱን አይነካውም። ከዚያ ሃያ ዳዶ ጨምሬ ነቀነቅኩት። ስንት እንደከተታችሁ ቁጠሩ፤ ሲወጡም ቁጠሩ። ዳዶዎቹ ቅርፊቱን አራገፉት። ከዚያ ሲትሪኩን እስከ አፉ ሞላሁት። ወዲያው ትንንሽ አረፋ ከታች መውጣት ጀመረ፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ እንደ አምቦ ውሃ ሽሽ ይላል። በማግስቱ ስደፋው ውሃው ጠላ መስሎ ነበር። ሁለተኛ ሞላሁ። በሦስተኛው ቀን ግራጫ ንጹህ ብረት አየሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ወሳኝ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በበዛበት ውሃ አጥቡት፤ የቀረው አሲድ ይሞታል። በንጹህ ውሃ ድገሙት። ወዲያው በጸጉር ማድረቂያ አድርቁት። እርጥብ አድርጋችሁ ቡና ልጠጣ ብላችሁ ከሄዳችሁ ስትመለሱ ብርቱካናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እንደደረቀ ቤንዚንና የቱ ስትሮክ ዘይት ቀላቅላችሁ ውስጡን አልብሱት።

ሰልባትዮው ቀዳዳ ካለው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ባዶ ነው ብላችሁ እንዳታስበይዱ። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይብሳል፤ ውስጡ ያለው የቤንዚን ተን ነው የሚፈነዳው። በሳሙና ታጥቦ፣ እስከ ብየዳው ቦታ ድረስ ውሃ ተሞልቶ ነው የሚበየደው። ይህን የማያደርግ በያጅ ካገኛችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ካርቡሬተሩ፦ ማጽዳት፣ ኪት ወይስ የቻይና?

ሦስት መንገድ አለ። የነበረውን አጽድቶ መመለስ፣ አዲስ ጄት (ቤንዚን በልኩ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ናስ) እና ላስቲክ ያለው ኪት ገዝቶ መለወጥ፣ ወይም ሙሉውን የቻይና ካርቡሬተር መግጠም።

ብዙ ሰው ሦስተኛውን ይመርጣል፤ ለሲጂ ከሆነ አልቃወምም። ለዚያ ሞተር ልክ የተሰራ ቅጂ አለ፣ ይነሳል፣ ይሄዳል። አሮጌውን ግን ዘይት ቀብታችሁ በፌስታል አስቀምጡት። ለቱ ስትሮክ ግን አይሆንም። መርፌውና ጄቱ ለዚያ ሞተር የተለካ ነው። ሳስቶ የሚሄድ ቱ ስትሮክ ምን እንደሚሆን ከላይ ብያለሁ።

ኪቱ ላይ ጥንቃቄ አለኝ። ላስቲኩን ተጠቀሙበት። ጄቱን ግን ወዲያው አትቀይሩ። አሮጌው ጄት ጎኑ ላይ የተመታች ቁጥር አለች። የኪቱ ቁጥር ለባህር ጠለል አገር የተመረጠ ሊሆን ይችላል። አሮጌው ግን ምናልባት የዛሬ ሰላሳ ዓመት አንድ የሸዋን ቀጭን አየር የሚያውቅ ሜካኒክ አስቦ የቀየረው ነው። በእኔዋ ላይ ዋናው ጄት መጽሐፉ ከሚለው ሁለት ቁጥር ያነሰ ነበር። እዚህ ከፍታ ላይ ልክ የሚሆነውም እንዲያ ነው፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑም ማነስ አለበት። ጥዬው ቢሆን ኖሮ ጥቁር ጭስ እያየሁ ሌላ ችግር እፈልግ ነበር።

ስለዚህ ማጽዳት። ንጹህ ነጭ ጨርቅ ዘርጉ። ሳህኑን ፈትታችሁ ስትከፍቱ አረንጓዴ ሙጫ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ያ የደረቀ ቤንዚን ነው። ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) የምታስተካክለውን ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አዙሩና እስክትቆም ስንት ዙር እንደሆነች ጻፉ። ጄቶቹን አውጥታችሁ በካርቡሬተር ማጽጃ ንከሩ። ትንሿን ጄት አንስታችሁ ወደ መስኮት ብርሃን ያዟት። ክብ የብርሃን ነጥብ ከታየ ክፍት ናት። ካልታየ በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ አትውጓት፤ ቀዳዳው ከሰፋ አበቃ። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ምዘዙ። መዳብ ከናስ ይለሰልሳል፣ አይጭርም። እኔ ያቺን ነጥብ ብርሃን ያየሁት በአራተኛው ቀን ነው። የጋራዡ ሰው ሞተሩን ያወረደው ለዚህች ነጥብ ነበር።

ብልጭታው

ይሄ በአብዛኛው ቀላል ነው። አዲስ ካንዴላ ግዙ። ኮፍያው ውስጥ ከትታችሁ ብረቱን ቴስታታው ላይ አስነኩና ጥላ ቦታ ላይ ርገጡ። ሰማያዊና የሚጮህ ከሆነ እለፉ። ብጫና ሰነፍ ከሆነ ፑንቲናውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ነጥብ) እዩ። ስለቆመች ፊቷ ዝጋ ወይም ሻግታ ይሆናል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግጋችሁ በአልኮል ጥረጓት። ክፍተቷን 0.3 እና 0.4 ሚሊ ሜትር መካከል አድርጉ። ፑንቲናውን አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ ማስገባት የሚሉ አሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ማስነሻ አያስፈልግም። ቦቢናውንም (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ጥቅል ሽቦ) ሳትፈትሹ አትቀይሩ።

ጎማና ፍሬን

እዚህ አላወዳድርም። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም የቆመ ጎማ ይጣላል፤ ከመነዳሪውም (የውስጡ የአየር ጎማ) አብሮ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ። 0812 ካለ በ2012 እ.ኤ.አ. በ8ኛው ሳምንት ነው የተሰራው። ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት ነው። የፍሬን ሸራው ከተላቀቀ ወይም ዘይት ከጠጣ አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ በአዲስ አስለጥፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ዕቃውን ከየት?

መርካቶ ሶማሌ ተራ መሄድ አይቀርም። ግን ሁሉን ነገር ከአንድ ዓይነት ምንጭ አትግዙ። ካቦ፣ ካቴና፣ ባትሪ፣ የፍሬን ማንሻ የቻይናም የሕንድም ይበቃል። የአካል ዕቃ፣ ማለትም ፓራፋንጎ፣ የጎን ሽፋን፣ የፓራውልት ቤት፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል፤ ምናለሽ ተራ ተደፍቶ የሚገኝ አለ። ኦይል ሲልና ጓርኒሲዮን ግን ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ንገሩ። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ የካልሲ ጥንድ አይከብድም። ሞተሩን የሚያድነውም እሱ ነው።

ስለ ኩሽኔታ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሞተርሳይክል ኩሽኔታ ብሎ መፈለግ አያስፈልግም። ጎኑ ላይ ቁጥር አለው። 6203 ካለ ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ የወፍጮ ይሁን የውሃ ፓምፕ ያው ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ኩሽኔታ የሚሸጥ ቤት ግቡና ጥሩውን ግዙ።

የመጀመሪያው ቀን

መጀመሪያ ስታስነሱ ሰልባትዮውን አትጠቀሙ። በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ አዲስ ቤንዚን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉና በነዳጅ ጎማ አገናኙ። ክፍት ቦታ ላይ ይሁን፤ እሳት ማጥፊያ ወይም እርጥብ ጆንያ አጠገባችሁ ይኑር። ሲነሳ አታስጩኹት። ቱ ስትሮክ ከሆነ ሚኒሞው በራሱ ወደ ላይ ከሸሸ ወዲያው አጥፉ፤ ኦይል ሲሉ አየር እየሳበ ነው።

የመጀመሪያ ጉዞዬ እሁድ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፣ መንገዱ ባዶ። ቸርችልን ቁልቁል አልወረድኩም፤ ፍሬኗን ገና አላመንኳትም። ስድስት ኪሎ ስደርስ ጥግ ይዤ አጠፋኋትና ካንዴላውን በጨርቅ ይዤ አወጣሁት። ጥቁርና ጥላሸት ቢሆን ኖሮ ቤንዚን በዝቷል፣ ጄቱን አንድ ቁጥር አሳንሳለሁ። ነጭና አመድማ ቢሆን ሳስቷል፣ ከዚያ ወዲያ አልነዳትም፣ ገፍቼ ነበር የምመልሳት። ወደ ፀሐይ አዞርኩት። የጫፉ ሸክላ ልክ እንደ ተቆላ ቡና ነው፣ ገና መጥቆር ሲጀምር። መልሼ ገጠምኩት። ፒያሳ ወርጄ ለጋሼ ስልክ ደወልኩና ጆሯቸው ላይ አስነሳኋት።